«ታምሜ ሥራ አቁሜአለሁ፤ ኪሳራ ላውጅ ወይ?» ጥያቄና መልስ ከአዳማ

አዳማ ላይ 14 ዓመት በባንክ ብድር ክፍል ሠርቻለሁ፤ አሁን ለነጋዴዎች ሒሳብ እሠራለሁ። ሰሞኑን ሕመም ከሥራ ያስቀራቸው ሰዎች ስለ ዕዳቸው ደጋግመው ስለጠየቁኝ፣ ሁሉንም እዚሁ ልመልስ ብዬ ነው። ጠበቃ አይደለሁም፤ መጥሪያ የደረሰው ሰው ጠበቃ ይያዝ።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ፍራንኮ አካባቢ የግንባታ ዕቃ መደብር አለኝ። ኩላሊቴ ደክሞ በሳምንት ሦስት ቀን እጥበት ላይ ነኝ። የባንክ 900,000 ብር ዕዳ አለብኝ፤ መያዣው የምንኖርበት ቤት ነው። ሁለት ወር አልከፈልኩም። ኪሳራ ባውጅ ዕዳው ይቀርልኛል?

መልስ፦ ወንድሜ፣ እግዚአብሔር ይማርህ። ሰፈር ውስጥ «ከሰረ» ስንል ገንዘቡ አለቀበት ማለታችን ነው። በሕግ ግን ኪሳራ ፍርድ ቤት የሚያውጀው ነገር ነው፤ ንብረትህን የሚያስተዳድር ሰው ይሾማል፣ ንብረቱ ይሸጣል፣ ገንዘቡ ለገንዘብ ጠያቂዎች እንደየደረጃቸው ይከፋፈላል። ድሮ በ1952ቱ የንግድ ሕግ አምስተኛ መጽሐፍ ውስጥ ነበር፤ አሁን የ2013ቱ የንግድ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 1243፣ በሦስተኛ መጽሐፉ ይዞታል። አዲሱ ሕግ ነገሩ ኪሳራ ላይ ሳይደርስ ከገንዘብ ጠያቂዎች ጋር ተስማምቶ ዕዳን መልሶ የማዋቀር መንገድም አበጅቷል።

አቅራቢው፣ አከራዩ፣ ባንኩ፣ ገቢዎች ሁሉም በአንድ ጊዜ በር ሲያንኳኩ ይህ ሥርዓት ጥቅም አለው። የአንተ ጠያቂ ግን አንድ ባንክ ነው፣ ያውም መያዣ የያዘ። በቤቱ ላይ ከማንም ቀዳሚ ስለሆነ ኪሳራ ማወጅ ቤትህን አያድንልህም። በአዋጅ ቁጥር 97/1990 መሠረት ባንክ ክስ ሳይመሠርት፣ ቢያንስ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ሰጥቶ መያዣውን በሐራጅ መሸጥ ይችላል።

ስለዚህ ቀን ቁጠር። ክፍያው 90 ቀን ያለፈው ብድር ከተበላሸ ብድር ይመደባል፤ ከዚያ ወዲያ ብድሩን የሰጠህ ልጅ ሊረዳህ ቢፈልግ እንኳ እጁ ይታሰራል። አንድ ወር ቀርቶሃል። የሐኪም ማስረጃህን ይዘህ ነገ ቅርንጫፉ ሂድና የመክፈያ ጊዜው እንዲራዘምልህ በጽሑፍ ጠይቅ። ቁጥር ጻፍ። እኔ ወንበሩ ላይ ሳለሁ «ታገሱኝ» የሚል ደብዳቤ ፋይል ውስጥ ይተኛ ነበር፤ «መደብሩን ወንድሜ ይዞታል፣ በወር 15,000 እከፍላለሁ» የሚለው ግን ወደ ዋና መሥሪያ ቤት ይሄድ ነበር። የብድር ውልህንም ገልብጠህ አንብብ። አንዳንዱ ብድር የሕይወት መድን አብሮት አለው፤ መድኑ ዘላቂ የአካል ጉዳትንም የሚጨምር ከሆነ ያንተ ሕመም እዚያ ውስጥ መግባት አለመግባቱን ጠይቅ። በየወሩ እየከፈሉለት እንዳለ የማያውቁ ብዙ ደንበኞች ገጥመውኛል።

ባንኩ እንቢ ካለ ቤቱን ራስህ ብትሸጠው ይሻላል። ገዢ አግኝና ባንኩ ጋ ይዘኸው ሂድ፤ ገዢው ዕዳውን በቀጥታ ለባንኩ ከፍሎ የተረፈውን ለአንተ ይስጥህ። ሐራጅ ላይ ቤት በዋጋው ሲሸጥ ያየሁበት ቀን ጥቂት ነው።

ጥያቄ፦ ቤቱን ቀድሜ ለእህቴ ባዛውረውስ?

መልስ፦ በባንክ መያዣ ተመዝግቧል፣ ያለ ባንኩ ፈቃድ አይዛወርም። መያዣ የሌለበት ንብረትም ቢሆን ዕዳን ለመሸሽ የተደረገ ስጦታ በፍርድ ቤት ይፈርሳል፤ ነጋዴ ሲያደርገው ደግሞ የማጭበርበር ኪሳራ ተብሎ ወንጀል ይሆናል። እህትህንም ታስከስሳታለህ።

ጥያቄ፦ እኔ ተቀጣሪ ነኝ፣ የግል ፋብሪካ። ወገቤን ታምሜ አራት ወር ሆነኝ። የቁጠባና ብድር ማኅበር ዕዳ አለብኝ። ኪሳራ እኔንም ይመለከታል?

መልስ፦ አይመለከትህም፤ ኪሳራ የነጋዴና የንግድ ማኅበር ሕግ ነው። ለደመወዝተኛ እንዲህ ያለ ሥርዓት የለንም፤ መኖር ነበረበት ባይ ነኝ። ግን ሌላ ጥላ አለህ። በአዋጅ 1156/2011 የሙከራ ጊዜውን የጨረሰ ሠራተኛ በ12 ወር ውስጥ እስከ 6 ወር የሕመም ፈቃድ አለው፤ የመጀመሪያው ወር በሙሉ ደመወዝ፣ ቀጥሎ ያሉት ሁለት ወራት በግማሽ፣ የቀሩት ሦስት ወራት ያለ ክፍያ። አንተ አሁን ያለ ክፍያው ውስጥ ነህ ማለት ነው። ከደመወዝ የሚቆረጠው በድምሩ ከሲሶ መብለጥ የለበትም። ተከሰህ ቢፈረድብህም በአፈጻጸም ጊዜ የደመወዝህ ሁለት ሦስተኛ አይያዝም፤ የጡረታ አበል፣ አልጋና ማብሰያ፣ እንጀራ የምትበላበት የሙያ መሣሪያም እንዲሁ።

ከሁሉ በላይ አደራ የምልህ፣ ተናደህም ሆነ ተለምነህ የመልቀቂያ ደብዳቤ እንዳትጽፍ። በሕክምና ቦርድ ለሥራ ብቁ አይደለህም ተብለህ ስትሰናበትና 10 ዓመት አገልግሎት ካለህ የጤና ጉድለት ጡረታ አበል በየወሩ ታገኛለህ፤ ካልሞላህ በአንድ ጊዜ የሚከፈል ዳረጎት ነው። «በፈቃዴ ለቅቄአለሁ» ካልክ ያንን በር በገዛ እጅህ ዘጋኸው።

ጥያቄ፦ ለአቅራቢ ቼክ ሰጥቼ ነበር፣ «ለዋስትና ነው፣ ባንክ አናስገባውም» ብለውኝ። አሁን ሆስፒታል ተኝቼ ሳለሁ ቼኩን ባንክ አስገብተው ሊያስመቱት ነው።

መልስ፦ ደረቅ ቼክ፣ ማለትም በሒሳብ ውስጥ በቂ ገንዘብ ሳይኖር የተሰጠ ቼክ፣ ወንጀል ነው። ኪሳራም ሆነ ሕመም አያጥበውም። ሌላውን ሁሉ ዕዳ አቆይና መጀመሪያ ይህን ጨርስ፤ ሰው ልከህ ተደራደር፣ ቼኩን በእጅህ መልስ። ከፊል ከፍለህ ቼኩን ሳትቀበል እንዳትመጣ።

ጥያቄ፦ ለባልደረባዬ ዋስ ሆኜ ነበር። እሱ ታሞ ተኛ፣ ማኅበሩ እኔን ያዘኝ። መጀመሪያ እሱን መክሰስ አልነበረባቸውም?

መልስ፦ ውሉ ላይ «በአንድነትና በነጠላ» የሚል ካለ አንተን አስቀድመው መያዝ ይችላሉ። ከሌለ «መጀመሪያ የባለዕዳውን ንብረት ፈልጉ» ማለት ትችላለህ። የዋስትናው ጣሪያ በብር ካልተጻፈም ዋስትናው አይጸናም። የከፈልከውን ከእሱ መልሰህ ትጠይቃለህ፣ ይዳንና።

ጥያቄ፦ ለመድኃኒት ብዬ ከሰው በወር 10 በመቶ ተበደርኩ።

መልስ፦ እናቴ፣ ይህ አራጣ ነው። በፍትሐ ብሔር ሕጉ በግለሰቦች መካከል ያለ የብድር ወለድ በዓመት ከ12 በመቶ አይበልጥም፤ እርስዎ ግን የዓመቱን ጣሪያ በአንድ ወር ከስድስት ቀን ይጨርሱታል። አራጣ በወንጀልም ያስጠይቃል። ዋናውን ገንዘብ ይመልሱ፤ ለተከፈለው ሁሉ ደረሰኝ ወይም ምስክር ይያዙ፣ ሌላ ወረቀትም አይፈርሙ። አንዱን አራጣ በሌላ አራጣ መክፈል ግን በፍጹም።

ጥያቄ፦ ባለቤቴን ስትሮክ መታው፣ ባጃጁ ቆሟል። ዕቁቡን በሦስተኛው ዙር ወስደን 11 ወር ይቀረናል። በየት ልክፈል?

መልስ፦ እህቴ፣ ዋሱ ከመስማቱ በፊት ዳኛውን አንቺ ቀድመሽ አግኚው። ዕቁብ ቀድሞ ወስዶ የጠፋን ሰው አይምርም፣ ቀድሞ መጥቶ የተናገረን ግን ሲያቅፍ አይቻለሁ። ዕጣውን ከዘመድ ጋር ግማሽ በግማሽ መካፈል፣ ወይም ጊዜውን ማራዘም የተለመደ ነው። ባጃጁን ለመሸጥ አትቸኩዪ፤ ሾፌር ቀጥረሽ በቀን ገቢ ስጪው፣ ዕቁቡን እሱ ይክፈል። የዕድራችሁንም ደንብ እዪ፤ አንዳንዱ ከለቅሶ ሌላ ለታማሚም ይረዳል።

ጥያቄ፦ እሺ፤ መሸጡ ግድ ቢሆንስ? ሊብሬው በስሙ ነው፣ እሱ ደግሞ አጥርቶ አይናገርም።

መልስ፦ የሚባለውን የሚረዳና ፈቃዱን መግለጽ የሚችል ከሆነ ዛሬ ነገ ሳትዪ ውክልና ይስጥሽ። ለመሸጥና በባንክ ለማንቀሳቀስ የሚለው በግልጽ ይጻፍ፤ አጠቃላይ ውክልና ለሽያጭ አይበቃም። ጊዜው ካለፈና አእምሮው ከከዳው በፍርድ ቤት ሞግዚት ማሾም ይመጣል፤ ያ ደግሞ ወራት ይወስዳል፣ የዕቁቡ ቀን ግን አይጠብቅም።