ሁለቱን ቤት በሰላም ወልጄ ሦስተኛውን ለምን ጤና ጣቢያ ልሂድ?

ጥያቄ፦ ዶክተር ሰላም ነው? የሰባት ወር ነፍሰ ጡር ነኝ፣ ሁለቱን ልጆቼን ቤት ነው የወለድኳቸው ምንም አልሆንኩም። አሁን ጎረቤቶቼ ጤና ጣቢያ ካልወለድሽ ይሉኛል፣ አማቴ ደግሞ ጤነኛ ሴት ምን አስኬዳት ይላሉ። እውነት ሰው ሁሉ ለምንድነው እዛ እየሄደ የሚወልደው? ይሰድባሉ ሲባልም ሰምቻለሁ።

መልስ፦ ሰላም ነው እህቴ፣ እንኳን ጠየቅሽ። እኛ ሐኪሞች ሂጂ የምንልበት ምክንያትና እናቶች የሚሄዱበት ምክንያት ብዙ ጊዜ ይለያያል። እኛ ስለ ደም ግፊት ምናምን እናወራለን፣ እናቶቹን ስትጠይቂያቸው ግን አንዷ ያለፈው ወሊድ ላይ ደም ፈሶኝ ለትንሽ ነው የተረፍኩት ትልሻለች፣ ሌላዋ ጎረቤቷ በምጥ ስትሞት አይታ ፈርታ ነው፣ ሌላዋ ክትትል ላይ ያገኘቻት ሚድዋይፍ ደግ ስለሆነችላት ነው፣ ብዙዋ ደግሞ ባሏ ወይ አማቷ ወስነውላት ነው። ክፍያው ሲቀርም ሰው ይሄዳል፣ መንገዱ ሩቅ ሲሆን ግን የፈለገችም ትቀራለች።

ሁለቱን በሰላም መገላገልሽ ደስ ይላል፣ ግን ለሦስተኛው ዋስትና አይሆንም፣ ምክንያቱም ከወሊድ በኋላ ብዙ ደም ከሚፈሳቸው እናቶች አብዛኞቹ ቀድሞ ምንም ምልክት ያልነበራቸው ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2020 በዓለም ላይ ወደ 287 ሺህ ሴቶች ከእርግዝናና ከወሊድ ጋር በተያያዘ ሞተዋል፣ 95 በመቶ የሚሆኑት ዝቅተኛ ገቢ ወይም ዝቅተኛ መካከለኛ ገቢ ባላቸው አገሮች ነው፣ ከምክንያቶቹ አንደኛው ደግሞ ይሄው ደም መፍሰስ ነው። ልጁ ወጥቶ ሰው ሁሉ ተገላገለች ብሎ ወደ ልጁ ሲዞር ማህፀን አልኮማተር ካለ ደሙ ዝም ብሎ ይፈሳል፣ ጤነኛ የነበረችን ሴት በሁለት ሰዓት ውስጥ ሊገድላት ይችላል። ሁለት ሰዓት እኮ መኪና ተፈልጎ እስኪመጣ እንኳን ላይበቃ ይችላል። ጤና ጣቢያ ከሆንሽ ልጁ እንደወጣ ማህፀን እንዲኮማተር የሚያደርገውን ኦክሲቶሲን የሚባል መርፌ 10 ዩኒት ትወጊያለሽ፣ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ቅዝቃዜ ውስጥ መቀመጥ ያለበት መድሃኒት ስለሆነ ቤት ገዝተሽ የምታስቀምጪው ነገር አይደለም፣ ከዛ ማህፀንሽን እየዳሰሱ ያያሉ፣ ከእንግዴ ልጁም ተቆርጦ ውስጥ የቀረ ነገር እንደሌለ ያረጋግጣሉ። እኔን ብትጠይቂኝ ሂጂ የምልሽ ለምጡ ሳይሆን ከምጡ በኋላ ላለው ሰዓት ነው፣ ለዛም ነው ደህና ነኝ ብለሽ 24 ሰዓት ሳይሞላ እንዳትወጪ የምልሽ።

የደም ግፊቱም ቀላል አይደለም፣ ክትትል ላይ ደህና የነበረች ሴት ምጥ ላይ ግፊቷ ሊወጣ ይችላል፣ ማግኒዥየም ሰልፌት የሚባለው መርፌ ደግሞ ወደ መንቀጥቀጥ የመሄዱን አደጋ በግማሽ ያህል ይቀንሰዋል። ልጁም አለ፣ ከ10 ጨቅላ አንዱ ለመተንፈስ የሆነ እገዛ ይፈልጋል፣ ብዙዎቹ ጥርግ አርገሽ ጀርባቸውን ስታሺ ያለቅሳሉ፣ ጥቂቶቹ ግን በመጀመሪያው ደቂቃ በማስክ አየር ካልተሰጣቸው አይሆንም።

ይሰድባሉ ያልሽውን ወሬ ነው ብዬ አላልፈውም። በብዙ አገር የተጠና ነገር ነው፣ የተጮኸባት ሴት ቀጣዩን ቤት ትወልዳለች፣ እህቷንም ታስቀራለች፣ እኔ ደግሞ በሷ አልፈርድም። ሰው ስለበዛ ነው፣ ሌሊቱን ሙሉ ስለሰሩ ነው የሚለው ለኔ ሰበብ አይሆንም። ህንድ እ.ኤ.አ. በ2005 ጤና ተቋም ለሚወልዱ እናቶች ብር መስጠት ስትጀምር የሚሄደው ሰው በጣም ጨምሯል፣ የእናቶች ሞት ግን በዛው ልክ አልወረደም፣ ምክንያቱም ህንፃው ብቻውን ማንንም አያድንም፣ ውስጡ የሚሰራ ባለሙያ፣ መድሃኒትና ደም ካልተገኘ ቦታ መቀየር ብቻ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2018 ባወጣው ምክር የመረጥሽው ሰው አብሮሽ እንዲሆን፣ በሚመችሽ አቀማመጥም እንድትወልጂ ይላል። ስለዚህ ሳይደርስ አንድ ቀን ሄደሽ ቦታውን እይው፣ ማታ ሚድዋይፍ አለች ወይ፣ ሰው አብሮኝ ይገባል ወይ ብለሽ ጠይቂ፣ ከተቻለ አማትሽንም ይዘሻቸው ሂጂ፣ እሳቸውም አይተው ሲመለሱ ሃሳባቸው ሊቀየር ይችላል።

የሌሊት መኪናውን ከአሁኑ ተነጋገሩበት። ሩቅ ከሆንሽ የእናቶች ማቆያ ያለበት ቦታ ቀንሽ ሲቃረብ ገብተሽ ጠብቂ። መንታ ከሆነ ወይም ልጁ በእግሩ ወይ በመቀመጫው ከመጣ ጤና ጣቢያ አይበቃም፣ ኦፕራሲዮን የሚሰራበት ሆስፒታል ነው። ደም ካየሽ፣ ራስሽን በጣም ካመመሽ፣ አይንሽ ብዥ ካለ፣ ትኩሳት ከመጣ፣ የእንሽርት ውሃ ከፈሰሰ ወይ ልጁ እንቅስቃሴ ከቀነሰ ቀጠሮ አትጠብቂ፣ ያኔውኑ ሂጂ። የደም ማነስ ካልተመረመርሽ ደግሞ በዚህ ሳምንት ተመርመሪ፣ ደም ያነሳት ሴት ትንሽም ሲፈሳት አትቋቋመውም፣ ሰባት ወር ላይ ከታወቀ ግን በአይረን ኪኒን ለማስተካከል ጊዜ አለሽ።