ሐሙስ ከፍዬ ዓርብ «አልከፈልክም» ተባልኩ

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው መራዊ ነው። ከቆጋ መስኖ ቦይ አጠገብ መሬት አለኝ፣ ግን ከፍ ስለሚል ውሃው በራሱ አይወጣለትም። ለበጋ ሽንኩርት ብዬ ያገለገለ የውሃ መሳቢያ ሞተር በኢንተርኔት ጨረታ ላይ አየሁ። 10,000 ብር ማስያዣ ከፍዬ ተጫረትኩ፣ በ84,000 ብር አሸነፍኩ። ደንቡ «አሸናፊው በ48 ሰዓት ውስጥ ክፍያ ይፈጽማል» ይላል። ያሸነፍኩት ማክሰኞ ማታ ነው። ሐሙስ ጠዋት ባሕር ዳር ሄጄ ከባንኬ ወደ እነሱ ባንክ አስተላለፍኩ። ኔትወርክ አስቸግሮ ገንዘቡ የገባላቸው ዓርብ ነው። 84,000ውን መለሱልኝ፣ ማስያዣዬን ግን «በጊዜው ስላልከፈልክ ቅጣት ነው» ብለው አስቀሩት። አካውንቴንም ዘጉት። ስንት ጊዜ ደውዬ ለመንኳቸው፣ የሚሰማኝ የለም። ምን ላድርግ?

መልስ፦ ወንድምዓለም፣ መጀመሪያ መለመኑን ተው። ስልክ ላይ የምታገኘው ልጅ የመወሰን ሥልጣን የለውም፣ የተባባላችሁትም በማስረጃነት አይቀርልህም። ከዛሬ ጀምሮ ሁሉም ነገር በጽሑፍ ይሁን።

አሁን ዋናው ነገር ገንዘቡ ከአንተ ሒሳብ የወጣበት ሰዓት ነው። ወደዚያው ቅርንጫፍ ተመለስና የሐሙስ ዕለቱን የሒሳብ መግለጫ ማኅተም አስመትተህ ውሰድ። የዝውውር መለያ ቁጥሩ ይኑርበት፣ ገንዘቡ የወጣበት ቀንና ሰዓትም ይታይ። ሰዓቱ ካልወጣ በደብዳቤ እንዲገልጹልህ ጠይቅ። ከባንኩ የደረሰህን የሞባይል መልእክት አታጥፋው። «እሱ እኮ የስልክ መልእክት ነው» የሚልህ ካለ፣ የኤሌክትሮኒክ ግብይት አዋጅ ቁጥር 1205/2012 ኤሌክትሮኒክ ስለሆነ ብቻ መልእክት ሕጋዊ ውጤት አይነፈገውም ይላል።

ቀጥሎ የደንቡን ቃል አስተውለህ አንብብ። «ክፍያ ይፈጽማል» ነው የሚለው ወይስ «ገንዘቡ ወደ ሒሳባችን ገቢ ይሆናል»? አንተ የጻፍክልኝ የመጀመሪያውን ነው። እንዲያ ከሆነ ጥሩ መከራከሪያ አለህ። ሐሙስ ጠዋት ከፍለሃል፣ ጊዜው የሚያልቀው ሐሙስ ማታ ነው። እነሱ «ክፍያ ማለት እጃችን ሲገባ ነው» ሊሉ ይችላሉ። ቃሉ ለሁለት ትርጉም የሚመች ከሆነ ግን የ1952ቱ ፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 1738 አለልህ። አንዱ ወገን ብቻ አዘጋጅቶ ባቀረበው ፎርም ላይ ያለ አጠራጣሪ ቃል የሚተረጎመው ለሌላው ወገን በሚጠቅም መንገድ ነው። ደንቡን የጻፉት እነሱ ናቸው፣ አንተ «እስማማለሁ» የሚለውን ብቻ ነው የተጫንከው።

ሌላም ፈልግ። ማስያዣው እንደሚወረስ የት ቦታ ላይ ነው የተጻፈው? ስትመዘገብ የተስማማህበት ገጽ ላይ ነው ወይስ ከከፈልክ በኋላ በላኩልህ መልእክት? ተዋዋዮች ውሉን ያልፈጸመ ይህን ያህል ይክፈል ብለው አስቀድመው መቀጫ መስማማት ይችላሉ፣ አንቀጽ 1889 ይፈቅድላቸዋል። አንዱ ወገን ያወጣው ጠቅላላ የንግድ ደንብ ግን ሌላውን የሚያስገድደው አውቆት ሲቀበለው ነው፣ እሱ ደግሞ አንቀጽ 1686 ላይ ነው። ገጹን አሁኑኑ ፎቶ አንሳው። ነገ ሊለውጡት ይችላሉ።

በኔትወርኩ ላይ ግን ብዙ አትደገፍ። ብዙ ሰው መጀመሪያ የሚያነሳው እሱን ነው፣ አንተም ደብዳቤህን በእሱ ልትጀምር እንደምትፈልግ ይገባኛል፣ ያናድዳላ። አንቀጽ 1792 ከአቅም በላይ የሆነ ኃይል የሚለው ሰው በተለምዶ ሊያስበው የማይችለውንና ግዴታውን ከመፈጸም ፈጽሞ የሚያግደውን ነገር ነው። እኛ ጎጃም ያለን ሰዎች ከ2015 ክረምት ጀምሮ ለወራት የሞባይል ኢንተርኔት አጥተን ኖረናል። ተከራካሪህ «ኔትወርክ እንደሚጠፋ እያወቅህ ለምን እስከ መጨረሻው ቀን ቆየህ?» ቢልህ ምን ትመልሳለህ? ደግሞ ከፍያለሁ እያልክ በዚያው አፍህ መክፈል አልቻልኩም ካልክ ራስህን ታፈርሳለህ። ስለዚህ ኔትወርኩን ገንዘቡ ለምን ዓርብ እንደገባ ለማስረዳት ብቻ ጥቀሰው።

«ቅጣቱ በዛ» ማለቱም ብቻውን አያዋጣም። የተስማማችሁበትን መቀጫ ፍርድ ቤት በዝቷል ብሎ እንዲሁ አይቀንሰውም፣ የሚቀንሰው ውሉ በከፊል ከተፈጸመ ነው።

«ማስጠንቀቂያ ሳይሰጡኝ ቀጡኝ» ማለት ይቻላል ወይ? በመሠረቱ አዎ፣ በአንቀጽ 1772 መሠረት ውል አልተፈጸመልኝም የሚል ወገን መጀመሪያ ባለዕዳውን ማስጠንቀቅ አለበት። ነገር ግን ውሉ በተወሰነ ጊዜ ውስጥ ብቻ እንዲፈጸም ተብሎ ጊዜው ካለፈ ማስጠንቀቂያ አያስፈልግም፣ እነሱም 48 ሰዓቱን ይጠቅሱብሃል። አንሳው፣ ግን መጨረሻ ላይ።

ደብዳቤው አጭር ይሁን፣ ከአንድ ገጽ አይለፍ። እንዲህ ብለህ ጀምር፦ «ማክሰኞ ማታ ያሸነፍኩትን ጨረታ ሐሙስ ጠዋት በዝውውር ቁጥር (ቁጥሩን እዚህ ጻፍ) ከፍያለሁ። በደንባችሁ መሠረት ክፍያው በ48 ሰዓት ውስጥ ተፈጽሟል። ስለዚህ ያስቀራችሁት 10,000 ብር እንዲመለስልኝና የዘጋችሁብኝ አካውንት እንዲከፈትልኝ እጠይቃለሁ።» የባንኩን ማስረጃ አያይዝ፣ መልስ የምትጠብቅበትን ቀን ጻፍ። በኢሜይልም በአደራ ደብዳቤም ላከው። ሞተሩን አሁንም ከፈለግህው ያንንም ጨምር፣ ለሌላ ካልሸጡት ምናልባት ነገሩ በዚያ ያልቃል።

እምቢ ካሉ ፍርድ ቤት አለ። ግን ከመሄድህ በፊት ደንቡ ክርክር የሚታይበትን ቦታ ወስኖ እንደሆነ እይ። አዲስ አበባ ከሆነ ለ10,000 ብር ስንት ጊዜ ትመላለሳለህ? ትራንስፖርቱንና አልጋውን አስበው። እኔ ብሆን መጀመሪያ ባሕር ዳር ያለ ጠበቃ በስሜ አንድ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ እንዲጽፍልኝ አደርግ ነበር። ብዙ ድርጅት የጠበቃ ማኅተም ሲያይ ነው ፋይሉን ገልጦ የሚያነበው።

ጥያቄ፦ ከደብረ ማርቆስ ነው። አሜሪካ ያለች እህቴ ኢቤይ በሚባለው የኢንተርኔት መገበያያ ላይ የስፌት መኪና ተጫርታልኝ አሸነፈች። ዕቃው ወደ ኢትዮጵያ እንደማይላክ ስናውቅ ሻጩን ጠየቀችው፣ «እሺ እንሰርዘው» አላት። በኋላ ግን «ገዢዋ አልከፈለችም» ብሎ ሰረዘው፣ የኢቤይ አካውንቷም ላይ ያለመክፈል ምልክት ተመዘገበባት። ይነሳላታል?

መልስ፦ እታለም፣ ተስፋ አለው። ኢቤይ ላይ ገዢ በ4 ቀን ውስጥ ካልከፈለ ሻጩ ትዕዛዙን «አልተከፈለም» በሚል ምክንያት መሰረዝ ይችላል። ገዢዋ ጠይቃ ተስማምተው ከሰረዙት ግን ትክክለኛው ምክንያት «ገዢዋ እንዲሰረዝ ጠይቃለች» የሚለው ነው። እህትሽ በኢቤይ አካውንቷ በኩል ይግባኝ ትበል። ወሳኙ ማስረጃ ሻጩ «እሺ እንሰርዘው» ያለበት መልእክት ነው። የተነጋገሩት በኢቤይ መልእክት ሳጥን ከሆነ እዚያው ስላለ ይታያል፣ በዋትስአፕ ከሆነ ግን ነገሩ ይከብዳታል። አንድ ምልክት ብቻውን ብዙ አይጎዳትም፣ ሲደጋገም ነው መግዛት የሚከለክለው። ቢሆንም ዛሬውኑ ትጻፍላቸው፣ ቀን ሳያልፍባት።