ፈረሱም ይኸው ሜዳውም ይኸው፦ የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ ሰላም ጋሼ፣ አራት ኪሎ ነው የምሰራው። ማታ ስወጣ ከጓደኞቼ ጋር ውርርድ ቤት ገብተን የእንግሊዝ ፈረስ እናያለን። ኳስ ላይ ብዙም አልከፋም፣ ፈረስ ላይ ግን በቃ ተበላሁ። ሁሌ ባለፈው ያሸነፈውን ነው የምቆርጠው፣ ኦዱም (ቢያሸንፍ ለአንድ ብር የሚከፈለው) ትንሽ ስለሆነ ሴፍ ነው ብዬ፣ ግን አይመጣም። የቅዳሜ ማታ የዎልቨርሃምፕተን ውድድር ካርድ ፎቶ አንስቼ ልኬልዎታለሁ፣ 9 ፈረስ፣ 6 ፈርሎንግ፣ ሃንዲካፕ ነው። እኔ ቁጥር 1ን ልቆርጥ ነው፣ ባለፈው አሸንፏል፣ ቁጥር 1 ስለሆነም ከውስጥ ነው የሚነሳው። እርስዎ ማንን ይላሉ? (ከአራት ኪሎ)

መልስ፦ ወንድሜ፣ ካርዱን ሙሉውን ስለላክልኝ ደስ ብሎኛል፣ ብዙ ሰው የፈረስ ስም ብቻ ጽፎ ያሸንፋል ወይ ነው የሚለኝ፣ በስም ብቻ ደሞ ምንም ማለት አይቻልም።

እኔ ካርዱን ስከፍት መጀመሪያ ያየሁት ፈረሶቹን አይደለም፣ ሜዳውን ነው። ዎልቨርሃምፕተን ኦል ዌዘር (በማንኛውም አየር የሚሮጥበት) ከሚባሉት አንዱ ነው፣ ሳር የለውም፣ ታፔታ የሚባል በሰም የተለወሰ አሸዋ ነው (ምን እንደሆነ ታች ለአንድ አባታችን መልሻለሁ፣ እዛ አንብበው)። የሚዞሩት ወደ ግራ ነው፣ ዙሩ ጠባብ ነው፣ ከመጨረሻው ኩርባ ወጥተው እስከ መስመሩ ያለችው ቀጥታ ወደ 350 ሜትር ብትሆን ነው። 6 ፈርሎንግ ማለት ደሞ 1200 ሜትር ነው፣ ስለዚ ኩርባው ላይ ከውጪ በኩል የሚዞር ፈረስ ትርፍ መንገድ ይሮጣል፣ ያጣውን በዛች አጭር ቀጥታ ላይ መመለስ ደሞ በጣም ይከብደዋል።

አሁን ስለ ቁጥሩ። ይሄ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ስለሆነ ቀስ ብለህ አንብበው። ፈረሱ ጀርባ ላይ ያለው ቁጥርና የሚነሳበት በር ቁጥር ሁለት የተለያየ ነገር ነው። ሃንዲካፕ ላይ የጀርባው ቁጥር የሚሰጠው በክብደት ነው፣ ቁጥር 1 ማለት ከሁሉም በላይ ኪሎ የተጫነበት ማለት ነው። በሩ ግን በእጣ ነው የሚወጣው፣ ከስሙ ጎን በቅንፍ ያለችዋ ትንሽ ቁጥር እሷ ናት። ያንተ ቁጥር 1 በሩ 9 ነው። ከውስጥ ሳይሆን ከሁሉም ውጪ ነው የሚነሳው።

ያሸነፈውስ የት ነው? ፎርሙ (ያለፉት ውድድሮች ውጤት) መጨረሻ ላይ 1 አለች፣ እውነት ነው፣ ግን ያቺ 1 የመጣችው በበልግ ሳር ላይ፣ መሬቱ ለስላሳ ሆኖ ነው። ኦል ዌዘር ላይ አንድም ቀን ሮጦ አያውቅም። አሸንፎ ስለነበር ደሞ ሬቲንጉን (ክብደቱ የሚወሰንበትን የችሎታ ነጥብ) 5 ነጥብ ከፍ አድርገውበታል፣ ሃንዲካፕ ማለት እኮ ጎበዙ ላይ ክብደት ጭኖ ከደካማው ጋር ማስተካከል ነው፣ 1 ነጥብ 1 ፓውንድ ናት፣ ግማሽ ኪሎ አትሞላም ግን ትደማመራለች። በዚ ውድድር አናቱ 60 ነው ታቹ 46፣ 14 ፓውንድ ልዩነት አለ፣ ከ6 ኪሎ በላይ ማለት ነው። ስለዚ ያንተ ፈረስ አዲስ ሜዳ፣ መጥፎ በር፣ ተጨማሪ ክብደት ይዞ ነው የሚመጣው፣ ይሄ ሁሉ ሆኖ ኦዱ 2.75 ነው። 1ን ለ2.75 አካፍለው፣ 36 በመቶ ገደማ ይመጣል፣ ማለትም ከሶስት ጊዜ አንዴ በላይ ማሸነፍ አለበት ብሩ እንዲያዋጣህ። እኔ ያንን አላምንም። ፌቨሪት (ትንሹ ኦድ ያለው ፈረስ) በጠቅላላው ከሶስት ውድድር አንዱን ገደማ ነው የሚያሸንፈው፣ እሱም ጥሩውም መጥፎውም ፌቨሪት ተደምሮ ነው፣ ትንሽ ኦድ ሴፍ ማለት አይደለም ወንድሜ፣ ብዙ ሰው ይወደዋል ማለት ነው።

የኔ ምርጫ ቁጥር 4 ነው። ያለፈው ውጤቱ 7ኛ ስለሆነ አልፈኸው እንደሄድክ ይገባኛል፣ ግን 7ኛ የወጣው ኒውካስል ነው። ኒውካስልም ታፔታ ነው ግን 6 ፈርሎንጉ ከመነሻ እስከ መጨረሻ ቀጥታ ነው፣ አንድም ኩርባ የለውም፣ መጨረሻው ደሞ ጉልበት ይጨርሳል፣ ቀድሞ ወጥቶ ኩርባ ላይ የሚያመልጥ ፈረስ እዛ ምንም መደበቂያ የለውም። ዎልቨርሃምፕተን ላይ ግን በዚሁ ርቀት ሁለቴ አሸንፏል፣ ካርዱ ላይ ሲ ዲ ተብላ የተጻፈችዋ እሷን ነው የምትነግርህ፣ ሜዳውንም ርቀቱንም ያውቃል። ያኔ ሲያሸንፍ ሬቲንጉ 58 ነበር አሁን 54 ወርዷል፣ 4 ፓውንድ ቀለለት። በሩ 2 ነው። ሌላ ቀድሞ መውጣት የሚወድ ፈረስ ስፈልግ ያገኘሁት ቁጥር 7ን ብቻ ነው፣ እሱ ደሞ በሩ 8 ነው፣ የውስጡን አጥር ለመያዝ ሰው ሁሉ ላይ ማለፍ አለበት። ቁጥር 4 ያለ ጭቅጭቅ አጥሩን ይይዛል ማለት ነው። ኦዱ 6.0 ነው፣ ከስድስት አንዴ ካሸነፈ ብሩ ይመለሳል፣ እኔ ከአምስት አንዴ ያሸንፋል ብዬ ነው የማስበው።

ቁጥር 6ን እፈራዋለሁ፣ ፎርሙ 2 2 3 2 ነው፣ ከኋላ መጥቶ ይደርሳል ግን አይጨርስም፣ ኦዱ 4.5 ነው፣ ማሸነፍ ለማያውቅ ፈረስ ብዙ ነው የጠየቁት። ቁጥር 8 ላይ ተለማማጅ ጆኪ (ጋላቢ) ነው ያለው፣ 7 ፓውንድ ይቀነስለታል፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ደሞ የአይን መሸፈኛ ያደርጉለታል፣ በ9.0 አልስቅበትም ግን ሁለት አዲስ ነገር በአንድ ማታ ብዙ ነው። ሌሎቹን ተዋቸው።

አንድ ነገር ደሞ ስራልኝ፣ የዘጠኙንም ኦድ ለየብቻ 1ን እያካፈልክ በመቶኛ ደምረው። እኔ ስደምረው ወደ 117 መጣ። 100 መሆን ሲገባው ያቺ 17 የቤቱ ናት፣ ዝም ብሎ የሚቆርጥ ሰው ሁሌ ከሷ ጋር ነው የሚታገለው። የምትቆርጥበት ቤት ፕሌስ (አንደኛ ባይወጣም ከፊተኞቹ ከሆነ የሚከፍል) ካለው ግማሹን እዛ አድርግ፣ 8 ፈረስና ከዛ በላይ ሲሮጥ በእንግሊዝ ደንብ እስከ ሶስተኛ ይከፈላል፣ የሚከፈለውም የኦዱ ትርፍ (6.0 ላይ 5 ነው) አንድ አምስተኛና ያስያዝከው ብር ነው። 50 ብር ዊን (አንደኛ ይወጣል) 50 ብር ፕሌስ ብትል ሶስተኛ ቢወጣ እንኳ 100 ብርህ ይመለሳል። ግን ሁለት ፈረስ ከወጣና 7 ከቀሩ የሚከፈለው እስከ ሁለተኛ ብቻ ነው፣ ስለዚ ቀን ላይ ቸኩለህ አትቁረጥ፣ በክረምታቸው እዛ ከምሽቱ 12 ሰአት (በነሱ አቆጣጠር 6 ፒ ኤም) ሲሆን እኛ ጋ ከምሽቱ 3 ሰአት ነው፣ ጊዜ አለህ። የቁጥር 4 ኦድ ከ5.0 በታች ከወረደ ተወው፣ ዝም ብለህ ቡናህን ጠጥተህ እየው። ፈረሱ ያው ነው፣ ዋጋው ነው የማይረባው።

ጥያቄ፦ ታናሽ ወንድሜ ስቴዲየም አካባቢ አንድ ቤት ውስጥ በየሶስት በየአራት ደቂቃው የሚሮጥ የኮምፒውተር ፈረስ ይጫወታል፣ ቨርቹዋል ነው የሚሉት። ደብተር ይዞ ውጤት ይጽፋል፣ ፓተርኑን አግኝቼዋለሁ ይላል። እርስዎ የሚጽፉትን ደሞ እያነበበ ነው የሚሄደው። እውነት ፓተርን አለው? (እህት ነኝ፣ ከካዛንቺስ)

መልስ፦ እህቴ፣ የለውም። ይሄን ስጽፍ በጣም ከልቤ ነው፣ እኔ የጻፍኩትን ይዞ ለዛ እየተጠቀመበት ከሆነ ማለት ያለብኝ አሁን ነው። እኔ የማወራው በህይወት ስላለ ፈረስ ነው፣ እግሩ ስለሚያመው፣ አሸዋ ፊቱ ላይ ሲበተን ስለሚጠላ፣ ባለፈው ሳምንት ሩቅ ተጉዞ ስለደከመ ፈረስ። ስክሪኑ ላይ ያለው ግን ስእል ነው፣ ማን እንደሚያሸንፍ የሚወስነው ኮምፒውተሩ የሚያወጣው እጣ ነው፣ እጣው ደሞ ያለፈውን አያስታውስም። ሳንቲም ወርውረሽ አምስት ጊዜ ዘውድ ቢወጣ ስድስተኛው ላይ ጎፈር የመውጣት እድሉ ያው ግማሽ ነው፣ ጎፈር ተራው ደርሷል አይባልም። ደብተሩ ቢሞላም የሚያገኘው ያለፈውን ብቻ ነው።

ለሱ ደሞ ከላይ ለአራት ኪሎው ልጅ ያልኩትን የመደመር ስራ ስጪው፣ በቨርቹዋሉ ኦድ ላይ ይስራው። ከ100 የበለጠችዋን በራሱ እጅ ጽፎ ሲያያት ካንቺም ከኔም ቃል በላይ ትገባዋለች። እሱ ላይ አትጩሂበት፣ የልጁ ጭንቅላት እንደሚሰራ ያስታውቃል፣ ደብተር የያዘ ሰው ሰነፍ አይደለም፣ የያዘው ነገር ነው የተሳሳተው። ቤት ውስጥ የጠፋ ብር ካለ ግን፣ ወይ ተበድሮ ከሆነ፣ ይሄ የመደመር ጉዳይ አይደለም፣ ቤተሰብ ተቀምጦ ቶሎ ይነጋገርበት።

ጥያቄ፦ እድሜዬ 70 አልፏል፣ በንጉሡ ጊዜ ጃን ሜዳ ፈረስ ሲሮጥ እያየሁ ነው ያደግሁት። ክረምት ጭቃው ፈረስ እንዴት እንደሚይዝ አውቃለሁ። አሁን የልጅ ልጄ በስልኩ የሚያሳየኝ ፈረሶች ዝናብ እየዘነበ በሌሊት በመብራት ይሮጣሉ፣ እግራቸው አይሰምጥም። ምን ዓይነት መሬት ነው? አይጎዳቸውም? ጭቃ የሚወድ ፈረስ የሚባለውስ ቀረ ማለት ነው? (ከጃን ሜዳ አካባቢ)

መልስ፦ አባቴ፣ እንደርስዎ ሜዳ ላይ ቆሞ ያየ ሰው ሲጽፍልኝ ለኔ ክብር ነው።

መሬቱ ሰው የሰራው ነው። አሸዋ ከጨርቅ ክርና ከጎማ ቁርጥራጭ ጋር ቀላቅለው በሰም ይለውሱታል፣ ሰሙ ውሃውን ስለማይመጠው ዝናቡ በመሃል አልፎ ከስር በተቀበረው ቱቦ ይሄዳል፣ ላዩ ብዙም አይለወጥም። እንግሊዝ ውስጥ መጀመሪያ ሰው በሰራው መሬት የተሮጠው ሊንግፊልድ የሚባል ሜዳ ላይ ነው፣ በ1989፣ ውርጭና ጭቃ ክረምቱን ሙሉ ውድድር እያሰረዘ አስቸግሯቸው። ዛሬ ሁለት አይነት ነው ያለው፣ ፖሊትራክና ታፔታ። ኬምፕተን፣ ሊንግፊልድና ቼልምስፎርድ ፖሊትራክ ናቸው፣ ዎልቨርሃምፕተን በ2014፣ ኒውካስል በ2016፣ ሳውዝዌል ደሞ በ2021 መጨረሻ ታፔታ አደረጉ። ታፔታን የፈጠረው ማይክል ዲኪንሰን ራሱ ፈረስ አሰልጣኝ የነበረ ሰው ነው፣ በ1983 የቼልተንሃም ጎልድ ካፕ በሚባለው ትልቅ የመሰናክል ውድድር ላይ ከአንደኛ እስከ አምስተኛ የወጡት ፈረሶች በሙሉ የሱ ነበሩ፣ እኔ ይሄን ባሰብኩ ቁጥር ይገርመኛል። ኦል ዌዘር ይባል እንጂ ከባድ በረዶና ጭጋግ ሲመጣ እነሱም ይሰርዛሉ።

ጉዳቱን በተመለከተ፣ አሜሪካ ውስጥ ለብዙ አመት የተሰበሰበው መዝገብ ሰው ሰራሽ ሜዳ ላይ ሮጦ የሚሞት ፈረስ ከአፈር ሜዳው እንደሚያንስ ያሳያል። ጨርሶ አይጎዳም ግን አልልዎትም፣ ፈረስ በዛ ፍጥነት ሲሮጥ የትም ቢሆን አደጋ አለ።

ጭቃ የሚወደው ፈረስ አልቀረም አባቴ። እነሱ ጋ ክረምት ሲገባ መሰናክል የማይዘሉት ሯጮች ወደ አሸዋው ሲሄዱ፣ መሰናክል የሚዘሉት ሳሩ ላይ ይቀራሉ። ለልጅ ልጅዎ ይንገሩት፣ በታህሳስ ወይም በጥር ቅዳሜ፣ በኛ ከቀኑ 10 ሰአት ገደማ፣ የመሰናክል ውድድር ፈልጎ ያሳይዎት። ጆኪዎቹ ሲጨርሱ ልብሳቸው ከምን ቀለም እንደነበር አይለይም፣ ጃን ሜዳን ያስታወሰዎት ይሄኛው ነው የሚሆነው።