ጥያቄና መልስ፦ «ኮከብሽ ይህን ሳምንት ይከብድሻል ይላል»

ጥያቄ፦ መምህር፣ እንደምን ሰነበቱ? በየሰኞው ጠዋት ቴሌግራም ላይ የሳምንቱን የኮከብ ትንበያ አነባለሁ። ኮከቤ ሸርጣን ነው። «እስከ ረቡዕ ስሜትሽ ይረበሻል፣ ከሐሙስ በኋላ ግን ራስሽን የምታሳድጊበት በር ይከፈትልሻል» ዓይነት ነገር ይላል። የሚገርመኝ ብዙ ጊዜ ልክ ይሆናል። ጠንቋይ ቤት ሄጄ አላውቅም። አስቀድሳለሁ፣ እጾማለሁ። ደግሞስ ሰብአ ሰገል በኮከብ አይደል የተመሩት? አሁን የእጮኛዬ እናት «ኮከባችሁ መግጠሙን ላስቆጥር» ብለዋል። ይህ ሁሉ ኃጢአት ነው?

መልስ፦ ደኅና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን። ልጄ፣ እንኳን ጠየቅሽ።

«ልክ ይሆናል» ካልሽው ልጀምር። እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር በ1948 በርትራም ፎረር የተባለ አሜሪካዊ የሥነ ልቦና መምህር ለ39 ተማሪዎቹ የጠባይ መግለጫ ጽሑፍ ሰጣቸው። እያንዳንዱ ተማሪ ለእሱ ብቻ የተጻፈ መስሎታል። ምን ያህል እንደሚገልጻቸው ከ5 ነጥብ እንዲሰጡ ሲጠየቁ አማካዩ 4.26 ሆነ። ለካ ሁሉም የተሰጣቸው አንድ ዓይነት ጽሑፍ ነበር፤ የተለቀመውም ከአንድ የኮከብ ቆጠራ መጽሐፍ ነው። «እስከ ረቡዕ ስሜትሽ ይረበሻል» የሚለውም እንደዚያው ነው። ስሜቱ ሳይረበሽ ረቡዕ የሚደርስ የአዲስ አበባ ሰው ካለ አሳዪኝ። የታክሲ ሰልፉ ብቻ ይበቃል።

ደግሞ የትኛው ነው ኮከብሽ? ቴሌግራሙ ሸርጣን ያለሽ በሰኔና በሐምሌ አጋማሽ መካከል ስለተወለድሽ ነው። የእጮኛሽ እናት የሚያስቆጥሩት ግን ዐውደ ነገሥት በሚባለው የኮከብ መቁጠሪያ መጽሐፍ ይሆናል። እዚያ የልደት ቀን አይጠየቅም። የአንቺና የእናትሽ ስም ፊደላት በቁጥር ተመንዝረው ይደመሩና ለ12 ይካፈላሉ፤ በቀሪው ኮከብ ይወጣል። ሐመል (በግ) ልትሆኚ ትችያለሽ፣ ሑትም (ዓሣ) ልትሆኚ ትችያለሽ። ሁለቱ ቆጣሪዎች በአንቺ ላይ ሳይስማሙ አንቺ ሁለቱን እያመንሽ መኖር ነው እንግዲህ!

ቅዱስ ባስልዮስ ዘቂሣርያ በ4ኛው መቶ ዓመት በስድስቱ ቀናት ፍጥረት ላይ ሲሰብክ በዚህ ነገር ቀልዶበታል። በግ ሱፉን ሳይሰስት ስለሚሰጥ በበግ ኮከብ የተወለደ ለጋስ ይሆናል ይላሉ፤ በሬ ቀንበር ስለሚሸከም በበሬ ኮከብ የተወለደ ታታሪ ይሆናል ይላሉ፤ የጊንጡ ሰው ደግሞ ተናዳፊ። ሰማዩ ኃይሉን ከበግ በረት እንዲበደር አደረጉት ማለቱ ነው። ዋናው ክርክሩ ግን ቀልድ አይደለም። ሁሉን የሚያደርገው ኮከብ ከሆነ ገበሬው ለምን ያርሳል? ዳኛስ ሌባውን በምን ይፈርድበታል? ክርስቲያንስ ስለ ምን ንስሐ ይገባል?

ቤተ ክርስቲያን ከዋክብትን ትጠላለች ማለት ግን አይደለም። ዘፍጥረት 1፥14 ብርሃናቱ ለዘመንና ለዕለት ምልክት እንዲሆኑ ተፈጠሩ ይላል። የባሕረ ሐሳብ፣ ማለትም የዘመን አቆጣጠር፣ ሊቃውንት የፀሐይንና የጨረቃን ዑደት ተከትለው በዓላትንና አጽዋማትን ያወጣሉ፤ አበቅቴና መጥቅዕ የሚባሉት ሁለቱ የሒሳቡ ቁጥሮች ተደምረው 30 ሲመጡ የሚደሰት የአብነት ተማሪ አይተሽ ይሆናል። ቁጥሩ ፋሲካ መቼ እንደሚውል ይነግርሻል። በፋሲካ ማግስት ከአለቃሽ ጋር ትጣያለሽ አይልሽም። መጽሐፈ ሔኖክም ይህንኑ ይለያል። የብርሃናትን ሥርዓትና አሥራ ሁለቱን የሰማይ ደጆች በዝርዝር እያደነቀ ይጽፋል። ያው መጽሐፍ የኮከብ ጥንቆላን የወደቁት መላእክት ለሰው ካስተማሩት ክፉ ትምህርት ጋር ይቆጥረዋል። ኢሳይያስ 47፥13 ደግሞ በየወሩ መባቻ የሚመጣውን እንናገራለን የሚሉትን የባቢሎን ሰዎች «እስቲ ያድኑሽ» ብሎ ይዘብትባቸዋል። ዛሬ መባቻው ወደ ሰኞ ጠዋት ወርዷል፣ ያውም በስልክ።

ሰብአ ሰገል? እነሱ የተመሩበትን ኮከብ ቅዱስ ዮሐንስ አፈወርቅ የተለመደ ኮከብ አይደለም ይላል። ይሰወራል፣ እንደገና ይገለጣል፣ ወርዶ ሕፃኑ ካለበት ላይ ይቆማል። ማቴዎስ ምዕራፍ 2ን ደግመሽ አንብቢው። ኢየሩሳሌም ሲደርሱ ቤተልሔምን ያወቁት ከነቢዩ ቃል ነው። በሌላ መንገድ የተመለሱትም በሕልም ተነግሯቸው ነው። ስለ ራሳቸው ዕድል ከኮከቡ አንድም ነገር አልሰሙም።

እኔን ይበልጥ የሚያሳስበኝ ሌላ ነገር ነው። ማክሰኞ እናትሽን ተቆጥተሻል እንበል። ማታ «አዪ፣ ሳምንቱ ከባድ ነው ተብሎ ነበር» ብለሽ ተኛሽ። በቃ፣ ነገሩ ተዘጋ። ይቅርታ አልተጠየቀም። ለምን እንደተቆጣሽም አልታወቀም፤ እንቅልፍ አጥተሽ ነበር? ርቦሽ ነበር? ያረገዝሽው ቂም አለ? «ራስሽን የምታሳድጊበት በር» የሚሉት እውነት ካለ እዚህ ጥያቄ ላይ ነበር የሚከፈተው። የኮከብ ወሬው ግን ሰበብ ሆኖ ይመጣና ጥያቄውን ይውጠዋል። ሐሙስን መጠበቅም ያው ነው፤ ረቡዕ ልትሠሪው የምትችይውን መልካም ነገር ቀኑ አልደረሰም ብለሽ ታሳልፊዋለሽ።

ስሜት ከሰማይ ጋር ምንም አይገናኝም እያልኩሽ አይደለም። በክረምት ደመናው ለሳምንት ሲከብድ ብዙ ሰው ይደብተዋል። ይህ የብርሃንና የሥጋ ነገር ነው፤ ትንቢት አያስፈልገውም። የበረሃ አባቶችም ስሜት በቀን ውስጥ እንደሚለዋወጥ ያውቁ ነበር። ዳዊት በመዝሙር 90 የሚጠራውን የቀትር ጋኔን ከስልቹነት ጋር አያይዘው አስተምረዋል፤ እኩለ ቀን ላይ መነኩሴውን በዓቱን ያስጠላዋል፣ ፀሐዩ የቆመ ያስመስልበታል። መድኃኒታቸው ጸሎትና የእጅ ሥራ ነበር፣ ቦታን አለመልቀቅም።

ሰኞ ጠዋት የምታነቢው ነገር ከፈለግሽ ውዳሴ ማርያም በቀን ተከፍሎ ተቀምጦልሻል፤ የሰኞው ለሰኞ፣ የማክሰኞው ለማክሰኞ። ሩቡን ሰዓት አይፈጅም። ማታ ደግሞ ቀኑን መለስ ብለሽ እዪው፤ ማንን አስከፋሁ፣ ምን አስፈራኝ፣ ስለ ምን ላመስግን በይ። ድብርቱ ሳምንታት ካለፈው፣ እንቅልፍና ምግብ ከነሣሽ ሐኪም ዘንድ ሂጂ። ሲራክ ምዕራፍ 38 ሐኪምን አክብር ይላል። ጸበልሽንም አትተዪ።

ኃጢአት ነው ወይ ላልሽው፣ አዎ ነው። ሳታውቂ የገባሽበት ቢሆንም ለንስሐ አባትሽ ንገሪያቸው፤ ቴሌግራሙንም ዛሬውኑ ዝጊው። ዘዳግም 18 በዚህ ላይ ለድርድር ቦታ አይተውም።

ወደ እጮኛሽ እናት ስንመጣ ክፉ አስበው አይመስለኝም። ልጃቸው በደኅና እንዲኖር ነው የፈለጉት። አትጋፈጫቸው። ስምሽንና የእናትሽን ስም ግን ለቆጣሪ አትስጪ። ንግግሩን እጮኛሽ ይያዘው፤ ከእሱ አፍ የሚወጣው «እናቴ» ከአንቺ «እማማ» ይልቅ ይሰማል። ካልሆነም ሦስታችሁ የንስሐ አባታችሁ ዘንድ ሂዱ። ቤተ ክርስቲያን ከተክሊልና ከቁርባን በፊት የምትጠይቃችሁን እሳቸው ያስረዷችኋል፤ ሃይማኖታችሁን፣ የሁለታችሁን ፈቃድ፣ እስከ ሰባት ቤት ዝምድና አለመኖሩን። ሴትዮዋ መቁጠር ከወደዱ የሰባቱን ቤት ቆጠራ ለሳቸው ስጧቸው፤ በዘር ሐረግ እናቶችን የሚያህል የለም።