ጽንስ ለሚወርድባችሁ፦ የዘረመል ምርመራ ጥያቄና መልስ

እንደምን አመሻችሁ። የላብራቶሪ ሰው ነኝ፤ መድኃኒት አላዝም። ጠይቁ።

የፍኖተ ሰላሟ፦ ሦስቴ ወረደብኝ፣ ሁሉም በሁለተኛው ወር። አሁን ሳረግዝ ምን ልመርመር?

መልስ፦ እታለም፣ ሳታረግዢ ነው የሚጀመረው። በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት ከሚወርዱት ጽንሶች ግማሽ ያህሉ የክሮሞዞም ችግር አለባቸው። ዘረመልን የሚሸከሙት ክሮሞዞሞች 46 መሆን ሲገባቸው አንድ ይተርፋል ወይም ይጎድላል። አብዛኛው ድንገት የሚመጣ ነው፤ የእናት ዕድሜ ሲገፋም ይበዛል። ጥቂት ባልና ሚስት ላይ ግን ከአንዳቸው የክሮሞዞም ቁራጭ ቦታ ተለዋውጦ ይገኛል። ተሸካሚው ራሱ ጤነኛ ነው፤ ጣጣው ልጅ ላይ ነው። ስለዚህ ካርዮታይፕ (የክሮሞዞም ቁጥርና ቅርጽ ምርመራ) ለሁለታችሁም፣ ለባልሽም! ደሙ ሄፓሪን (ደም እንዳይረጋ የሚያደርግ) ባለው ቱቦ ይቀዳል። ሕዋሱ በሕይወት መድረስ ስላለበት በረዶ አይሁን። የወረደው ጽንስም ከተገኘ በንጹሕ ዕቃ፣ በሳላይን (በሕክምና ጨው ውኃ) ይላካል። ፎርማሊን (የናሙና ማቆያ ፈሳሽ) ውስጥ እንዳይገባ! ሕዋሱን ይገድለዋል።

የቡሬው፦ ወንዱን ምን አገባው?

የዳንግላዋ፦ ልጁ ከሰማይ ነው የሚወርደው?

የሞጣው፦ ይሄ እኮ ሾተላይ ነው። አክስቴም እንዲሁ ነበረች።

የዳንግላዋ፦ ሁሉን ነገር ሾተላይ አታድርጉት እንጂ!

መልስ፦ ከ46ቱ ክሮሞዞም 23ቱ የአባት ነው፣ አለቀ። ሾተላይ (የእናትና የጽንስ ደም በአርኤች አለመጣጣም) የሚጎዳው በኋለኞቹ ወራት ነው፤ በሁለተኛው ወር ለሚደጋገም መውረድ ምክንያቱ እሱ አይደለም። ደሟ አርኤች ኔጌቲቭ የሆነች ግን ሲወርድባት ስለ ሾተላይ መከላከያው መርፌ ሐኪሟን ቶሎ ትጠይቅ፤ የሚሰጠው በ72 ሰዓት ውስጥ ነው።

የባሕር ዳሯ፦ ከእናት ደም ብቻ የሚሠራው ምርመራ አይበቃም?

መልስ፦ ኤንአይፒቲን ነው የምትዪው። ከ10ኛው ሳምንት ጀምሮ በዋናነት የጽንሱ 21ኛ፣ 18ኛና 13ኛ ክሮሞዞም መትረፉን ያያል። ማጣሪያ ነው። ያለፈው ለምን እንደወረደ አይነግርሽም። ማረጋገጫው ከ15ኛው ሳምንት ወዲህ የሚቀዳው የእንሽርት ውኃ ነው፤ እሱም ትንሽ የማስወረድ ስጋት አለው።

የደጀኗ፦ ዋጋው?

መልስ፦ ከሚሠራው ላብራቶሪ ጠይቂ።

የቢቸናዋ፦ እኔም ወርዶብኛል። ምን ልመርመር?

መልስ፦ በስንት ሳምንት? ስንቴ? ዕድሜሽስ? ከላይ የተጻፈውን ሳታነቡ አትጠይቁኝ። ስኳር፣ ታይሮይድ፣ ማሕፀንሽ ታይቷል? ደም የሚያረጋው ፀረ እንግዳ አካልስ? እሱ በ12 ሳምንት ልዩነት ሁለቴ ይታያል፤ ከተገኘም ሕክምና አለው። ይህ ሳይታይ ወደ ዘረመል አትሩጪ።

የደብረ ማርቆሷ፦ ትናንት ወረደብኝ። የወረደውን በፎርማሊን አድርገው ሰጡኝ።

መልስ፦ አዬ! እግዜር ያጽናሽ። ለካርዮታይፕ አይሆንም። ግን አትጣይው፤ ሞላር እርግዝና (የእንግዴ ልጁ ሕብረ ሕዋስ ያለልክ የሚያድግበት) ከነበረ ፓቶሎጂ (የሕብረ ሕዋስ ምርመራ ክፍል) ያየዋል። የሁለታችሁን ደም ግን አሁንም መስጠት ትችላላችሁ።