ስማርት ፎን ሥራ ለበዛባት ሰው፦ የመጀመሪያው ሳምንት ሥራ

እህታችን የጠየቀችው ይህ ነው፦ ቀን ቢሮ ሒሳብ ትሠራለች፣ ማታ የሦስት ሱቅ መዝገብ ትይዛለች፣ ሁለት ተማሪ ልጆች አሏት። እስካሁን የያዘችው ቁልፍ ስልክ ነው። «ስማርት ፎን ብገዛ ሥራዬን መልክ ያስይዝልኛል ወይስ የቀረችኝንም ሰዓት ይበላብኛል?»

እህቴ፣ ሁለቱንም ያደርጋል። የቱ እንደሚበዛ የሚወሰነው በስልኩ ዋጋ ሳይሆን በመጀመሪያው ሳምንት በምታስተካክያቸው ነገሮች ነው። አስቀድሜ ግን አንድ ነገር ልበል፦ ችግርሽ መርሳትና መደራረብ ከሆነ ስልኩ በደንብ ይጠቅምሻል። ችግርሽ ለመጣ ሁሉ «እሺ» ማለት ከሆነ ግን አራተኛው ሱቅም በቴሌግራም ይመጣብሻል።

ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚሳሳተው ሰዓቱ ላይ ነው። ስልኩ የሚቆጥረው በፈረንጅ ሰዓት ነው፤ እኛ የምናስበው በራሳችን። ንጋት 12 ተኩል ላይ ለመነሳት 12:30 ብለሽ «ኤኤም» (ከእኩለ ሌሊት እስከ ቀትር ያለው) ላይ ከተውሽው የሚጮኸው ሌሊት 6 ተኩል ነው። ከቀኑ 9 ሰዓት ያለሽን ቀጠሮ 9:00 ብለሽ ካስገባሽው ደግሞ ጠዋት 3 ሰዓት ላይ ያስታውስሽና ሰዓቱ ሲደርስ ዝም ይላል። ስለዚህ ሴቲንግ ውስጥ «ዴት ኤንድ ታይም» ግቢና ባለ 24 ሰዓት አቆጣጠሩን አብሪው። ከዚያ ስሌቱ ቀላል ነው። ከጠዋቱ 1 እስከ ማታ 12 ላለው 6 ደምሪ፤ የቀኑ 9 ሰዓት 15:00 ይሆናል። ከምሽቱ 1 እስከ 5 ላለው 18 ደምሪ፤ የምሽቱ 2 ሰዓት 20:00 ነው። ከሌሊቱ 6 እስከ ንጋት 12 ላለው 6 ቀንሺ። የማስታወሻው ርዕስ ላይም በኛ ሰዓት ጻፊው፦ «9 ሰዓት፣ የሱቅ ደረሰኝ መረከብ»። ቁጥሩና ጽሑፉ ካልተጣጣሙ ስህተቱን ያኔውኑ ታዪዋለሽ።

ቀጥሎ የሚመጣው «አላርሜ ሳይጮህ ቀረ» የሚለው ስሞታ ነው። አንደኛው ምክንያት ባትሪ ነው፤ ስልኩ ሙሉ በሙሉ ከጠፋ አብዛኛው አንድሮይድ አላርም አይደውልም። ማታ መብራት ሲጠፋ 15 ፐርሰንት ላይ የተተወ ስልክ እስከ ንጋት ላይቆይ ይችላል። ፓወር ባንክ ብትገዢ 10 ሺህ ሚሊ አምፒር ሰዓት (mAh) የሚለው ባለ 5 ሺህ ባትሪ ስልክን ሁለት ጊዜ ይሞላል ብለሽ እንዳታስቢ። ኃይሉ ሲተላለፍ ከፊሉ ስለሚባክን አንድ ጊዜ ሞልቶ ጥቂት ይተርፈዋል። ለአንድ ሌሊት ግን ከበቂ በላይ ነው።

ሁለተኛው ምክንያት ስልኩ ባትሪ ለመቆጠብ ብሎ አፖችን ማስተኛቱ ነው። ሴቲንግ፣ አፕስ፣ ካላንደር፣ ባትሪ ብለሽ ግቢና «አንሪስትሪክትድ» (ያለ ገደብ) የሚለውን ምረጪ፤ የሰዓቱን አፕም እንዲሁ። ቴክኖና ኢንፊኒክስ ላይ «ፎን ማስተር» ውስጥ ገብተሽ «ኦቶ ስታርት» (አፑ በራሱ እንዲነሳ) መፈቀዱን እዪ። ሳምሰንግ ላይ ካላንደርሽ «ስሊፒንግ አፕስ» ዝርዝር ውስጥ መግባት የለበትም። ከዚያ ፈትኚው። ከ5 ደቂቃ በኋላ እንዲደውል አድርጎ መሞከር ግን ፈተና አይባልም፤ ስልኩ አፑን የሚያስተኛው ሳይነካ ለረጅም ሰዓት ሲቀመጥ ነው። ማታ ሞልተሽ ለንጋት የሚሆን አንድ የካላንደር ማስታወሻ አስቀምጪና አትንኪው። ጠዋት ከመጣ አምነሽ መጠቀም ትችያለሽ።

አላርምና የካላንደር ማስታወሻ አንድ አይደሉም። ማስታወሻው አንዴ «ቲንግ» ብሎ ዝም ይላል፤ ወጥ ቤት ከሆንሽ አትሰሚውም። አላርም ካላጠፋሽው ለደቂቃዎች ይጮሃል። ስለዚህ ካመለጠ የሚያስከፍልሽን፣ ለምሳሌ ልጅ ከትምህርት ቤት መውሰድን፣ በአላርም ያዢ። የቀረው ካላንደር ላይ ይሁን፤ አንዱ ማስታወሻ ከአንድ ቀን በፊት፣ ሌላው ከ30 ደቂቃ በፊት እንዲመጣ አድርጊ። አላርሙን ከአምስት አታብዢ። ቀኑን ሙሉ የሚጮህ ስልክ ጆሮ ይለምደዋል፤ ሳታነቢው በአውራ ጣት እያጠፋሽ ማለፍ ትጀምሪያለሽ። መንገዱንም ራሱን እንደቻለ ሥራ አስገቢው። ከቢሮ እስከ ሱቁ የታክሲ ሰልፉን ጨምሮ 50 ደቂቃ ከወሰደ ካላንደሩ ላይ 50 ደቂቃ «መንገድ» ተብሎ ይያዝ፤ አለበለዚያ ወረቀት ላይ የሚያምር፣ በተግባር የማይሆን ቀን ነው የምታወጪው።

ሐሳብ ሲመጣልሽ መያዣው አንድ ቦታ ብቻ ይሁን። ሦስት የማስታወሻ አፕ የጫነ ሰው የቱ ላይ እንደጻፈው ሲፈልግ ይውላል። ቴሌግራም ላይ ለራስሽ የምትጽፊበት «ሴቭድ ሜሴጅስ» ለብዙ ሰው ይበቃል፤ ጽፈሽ የመላኪያውን ቀስት ይዘሽ ብትቆዪ «ሴት ኤ ሪማይንደር» ይልሻል። አንድ ጉድለት አለው፤ መልእክቱ የሚመጣው ከቴሌግራም ሰርቨር ስለሆነ ዳታ ካጠፋሽ በሰዓቱ አይደርስሽም። የስልኩ አላርም ኢንተርኔት አይፈልግም። መተየብ ካስቸገረሽ የጉግል ኪቦርድ ላይ ማይኩን ነክተሽ በአማርኛ መናገር ይቻላል። የሰው ስምና ቁጥር ላይ ይሳሳታልና የገንዘብ መጠን ግን በእጅሽ ጻፊ። (ታክሲ ሰልፍ ላይ ቆመሽ ስልክ አውጥተሽ ባትጽፊ ይሻላል፤ ለምን እንደሆነ የአዲስ አበባ ሰው አይነገረውም።)

አሁን ሰዓት ወደሚበላው። ቴሌግራም ስትጭኚ ቤተሰብ፣ ዕድር፣ የትምህርት ቤት ወላጆች፣ መሥሪያ ቤት፣ ሁሉም ግሩፕ ውስጥ ይከቱሻል። በመጀመሪያው ቀን ሁሉንም ሚዩት አድርጊና (ድምፃቸውን አጥፊና) የትምህርት ቤቱን ብቻ ክፍት ተዪ። ለሱቆቹ ሁለተኛ ሲም አውጪ። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚስተው ነገር አለ፤ ማታ ሲሙን ስላጠፋሽ የደንበኞችሽ ቴሌግራም አይቆምም፣ በኢንተርኔት ነውና የሚሄደው። በሁለተኛው ቁጥር ሌላ አካውንት እዚያው አፕ ውስጥ ክፈቺ፣ በነጻ እስከ ሦስት ይፈቀዳል። ከዚያ የቴሌግራም ሴቲንግ፣ ኖቲፊኬሽን ውስጥ «ኦል አካውንትስ» የሚለውን ካጠፋሽው ያልከፈትሽው አካውንት አይጮህብሽም። ሌሊት ስልኩን ዝም በሚያሰኘው «ዱ ኖት ዲስተርብ» ላይ ስታደርጊ የእናትሽንና የልጆቹን ቁጥር በኮከብ ለይተሽ እንዲያልፉ ፍቀጂ። «ሪፒት ኮለርስ» የሚለውንም አብሪ፤ በ15 ደቂቃ ውስጥ ሁለቴ የደወለ ሰው ያልፋል፣ አጣዳፊ ነገር እንዳያመልጥሽ።

ሴቲንግ ውስጥ «ዲጂታል ዌልቢንግ» የሚለውን በሳምንቱ መጨረሻ ክፈቺ። በቀን ስንት ሰዓት የትኛው አፕ ላይ እንደቆየሽ ያሳይሻል። ቲክቶክ ላይ የ20 ደቂቃ ገደብ ማድረግ ይቻላል፤ ግን ገደቡን የምታነሺውም አንቺው ስለሆንሽ ብዙም አትመኪበት። አለመጫን ይሻላል።

የመብራትና የውሃ ክፍያን በቴሌብር ወይም በባንክ አፕ መጨረስ የሰልፍ ጊዜ ያተርፍልሻል፤ ብቻ ከመጨረሻው ቀን 3 ቀን ቀድመሽ ክፈይ። ኔትወርክ የሚጨናነቀው ሰው ሁሉ በሚከፍልበት ቀን ነው።

የመጨረሻው ለሒሳብ ሠራተኛ የሚገባ ነገር ነው። የቤት ኪራይ፣ ዕቁብ፣ የሱቆቹ ወር መዝጊያ በኛ ወር ነው የሚቆጠረው፣ ካላንደሩ ግን በፈረንጅ። ኪራዩ በየወሩ በ5 ነው እንበል። መስከረም 5 በአብዛኛው ዓመት ሴፕቴምበር 15 ነው ብለሽ «በየወሩ በ15» ካልሽው የካቲት ላይ 3 ቀን፣ ነሐሴ ላይ 4 ቀን ዘግይቶ ያስታውስሻል። ድግግሞሹን «ከስተም» ግቢና በየ30 ቀኑ፣ ለ12 ጊዜ ብለሽ ሙዪው። ወሮቻችን እኩል 30 ቀን ስለሆኑ እስከ ነሐሴ 5 ድረስ ዝንፍ አይልም። 12 ላይ ካላቆምሽው ግን 13ኛው ጳጉሜን 5 ላይ ይመጣብሻል። ለማደሻው «የወር ማስታወሻዎችን ሙዪ» ብለሽ ሴፕቴምበር 6 ላይ በየዓመቱ የሚመለስ አንድ ማስታወሻ አስቀምጪ፤ ጳጉሜ 6 ቀን በምትሆንበት ዓመትም ቢሆን ጳጉሜን 1 የምትውለው ሴፕቴምበር 6 ነው።