ግሪን ካርድ ይዞ ከአገር አገር እየዞሩ በኦንላይን መሥራት፦ 330 ቀኑ ምን ያተርፋል፣ ምን ያሳጣል?

ጥያቄ፦ ሜሪላንድ ነው የምኖረው። ዜግነቴ ኢትዮጵያዊ ነው፤ ግሪን ካርድ ካገኘሁ 3 ዓመት ሆነኝ። ትዳር የለኝም። ለአሜሪካ ደንበኞች ድረ ገጽ እሠራለሁ፤ የሚከፈለኝ እንደ ግል ሠራተኛ በ1099 ፎርም ሲሆን ወጪዬ ተቀንሶ በዓመት 48,000 ዶላር ገደማ ይቀረኛል። ላፕቶፔን ይዤ አዲስ አበባ፣ ናይሮቢና ዱባይ እየተዘዋወርኩ 11 ወር ልሠራ አስቤያለሁ። ጓደኞቼ «330 ቀን ውጭ ከቆየህ ታክስ የለብህም፤ ዓመት ሳይሞላ ከተመለስክ ደግሞ ካርድህን የሚነካው የለም» ይሉኛል። ልክ ናቸው?

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ ሁለቱም አባባሎች ግማሽ እውነት አላቸው። ችግሩ ታክሱን ለመቀነስ የሚፈርሙበት ቃልና ካርዱን ለማቆየት የሚሰጡት ቃል የሚጋጩ መሆናቸው ነው።

ከታክሱ እንጀምር። ግሪን ካርድ ያለው ሰው የትም አገር ሆኖ ቢሠራ ለአሜሪካ የታክስ መሥሪያ ቤት (አይአርኤስ) ገቢውን በሙሉ ማሳወቅ አለበት። በፎርም 2555 ግን ውጭ አገር ሆነው ሠርተው ያገኙትን ገቢ ከፌዴራል የገቢ ግብር ውጭ ማድረግ ይቻላል፤ ጣሪያው ለ2025 የታክስ ዓመት 130,000 ዶላር ነው። ለዚህ ሁለት መንገድ አለ። አንደኛው «የውጭ አገር እውነተኛ ነዋሪ ነኝ» ማለት ነው፤ ለግሪን ካርድ ባለቤት የሚፈቀደው ግን የዜግነት አገሩ ከአሜሪካ ጋር የታክስ ስምምነት ካላት ብቻ ነው። ኢትዮጵያ የላትም። ስለዚህ ለእርስዎ የቀረው የቀን ቆጠራው ነው፦ በተከታታይ 12 ወራት ውስጥ 330 ሙሉ ቀን።

ሙሉ ቀን የሚባለው ከእኩለ ሌሊት እስከ እኩለ ሌሊት ውጭ አገር ውስጥ ያለፈ ቀን ነው። ከዋሽንግተን ደለስ ኤርፖርት የተነሡበት ቀን አይቆጠርም፤ ውቅያኖስ ላይ ያለፈውም ሰዓት እንደ ውጭ አገር አይያዝም። ስለዚህ ቦሌ ከገቡ ማግስት ጀምሮ መቁጠር ይሻላል። 11 ወር 335 ቀን ገደማ ነው፤ የመሄጃና የመመለሻው ሲቀነስ እጅዎ ላይ የሚቀረው ትርፍ ሁለት ሦስት ቀን ብቻ ነው። መሐል ላይ ለሰርግ ወይም ለለቅሶ ለአንድ ሳምንት ወደ አሜሪካ ብቅ ካሉ ቆጠራው ይፈርሳል።

ይህን ሁሉ ለስንት ብር ነው የሚያደርጉት? የግል ሠራተኛ ታክስ፣ ማለትም ሶሻል ሴኩሪቲና ሜዲኬር፣ በፎርም 2555 አይነካም። 48,000 በ92.35 በመቶ ሲባዛ 44,328 ይሆናል፤ የዚያ 15.3 በመቶ 6,782 ዶላር ነው። ከጡረታ መዋጮ ድርብ ክፍያ የሚያድን ስምምነት ከኢትዮጵያም፣ ከኬንያም፣ ከኤምሬትስም ጋር ስለሌለ አዲስ አበባም ቢቀመጡ ይህን ይከፍላሉ። ፎርሙ የሚያስቀርልዎ የገቢ ግብሩን ብቻ ነው፤ በ2025 ስሌት መደበኛው ተቀናሽ ከወጣለት በኋላ 3,200 ዶላር ገደማ ነው። ክርክሩ ሁሉ ለዚህች ነው።

አሁን ወደ ካርዱ። «ዓመት ካልሞላ ችግር የለም» የሚለው ብዙ ሰው አሳስቷል። ከ180 ቀን በላይ ቆይቶ የተመለሰ ሰው በሕጉ እንደ አዲስ መግቢያ ጠያቂ ይታያል፤ የኤርፖርቱ ኢሚግሬሽን መኮንንም ቤትዎ የት እንደሆነ ይጠይቃል። ዋናው መለኪያ ሐሳብዎ ነው፦ ጉዞው ጊዜያዊ ነበር ወይስ ኑሮዎን አዛውረዋል? ፎርም 2555 ላይ ደግሞ የታክስ ቤትዎ፣ ማለትም ዋናው የሥራ ቦታዎ፣ ውጭ አገር መሆኑን ይገልጻሉ፤ መኖሪያዎ አሜሪካ ከሆነ ከግብር ነጻ መሆኑን አያገኙም። ኤርፖርት ላይ «ቤቴ ሜሪላንድ ነው» ብለው፣ ለአይአርኤስ «መኖሪያዬ አሜሪካ አይደለም» ብለው ከፈረሙ ሁለቱ ወረቀቶች አንድ ቀን ጠረጴዛ ላይ ይገናኛሉ፤ አብዛኛውን ጊዜ ለዜግነት ሲያመለክቱ። በነገራችን ላይ ዜግነቱም ራሱን የቻለ ጉዳይ አለው፦ ከ6 ወር በላይ መቅረት የ5 ዓመቱን ተከታታይ ነዋሪነት እንዳቋረጠ ያስገምታል፤ ተቃራኒውን ማስረዳት የእርስዎ ፋንታ ነው።

እኔ የምመክረው 3,200 ዶላሩን መተው ነው። ጉዞውን ለሁለት ይክፈሉት፤ እያንዳንዱ ከ5 ወር አይበልጥ፤ በመሐል ተመልሰው የእውነት ይቀመጡ። የኪራይ ውሉን፣ መንጃ ፈቃዱንና የባንክ ሒሳቡን አይዝጉ፤ የፌዴራሉን የታክስ ፎርም 1040ንና የሜሪላንዱን ታክስ እንደ ነዋሪ ያስገቡ። 1040-ኤንአር የሚባለውን በፍጹም አይንኩ፤ በራስዎ እጅ ነዋሪ አይደለሁም ማለት ነው። ተመሳሳይ ወጥመድ ከደንበኛም ይመጣል፦ የሚከፍልዎ ድርጅት ውጭ አገር እንደሆኑ ሲያይ ደብሊው-8 ቤን ሙላ ይላል። እሱ የውጭ ሰዎች ፎርም ነው፤ የእርስዎ ደብሊው-9 ነው።

የግድ ረጅም ጊዜ የሚቆዩ ከሆነ አይ-131 ሞልተው የመመለሻ ፈቃድ ይጠይቁ። ሲያመለክቱ አሜሪካ ውስጥ መሆን አለብዎ፤ አሻራ እስኪሰጡም ባይነሡ ይመረጣል። ፈቃዱ እስከ 2 ዓመት ያገለግላል፤ የዜግነቱን ቆጠራ ግን አያድንም። ሲመለሱ መኮንኑ ግሪን ካርድ በፈቃድ የሚመለስበትን አይ-407 ይፈርሙ ቢል የመፈረም ግዴታ የለብዎትም፤ ጉዳዬ በኢሚግሬሽን ዳኛ ይታይልኝ የማለት መብት አለዎት።

አዲስ አበባ በኢትዮጵያ ፓስፖርት ስለሚገቡ ቪዛም ሆነ ቢጫ ካርድ የሚባለው የትውልደ ኢትዮጵያውያን መታወቂያ አያስፈልግዎትም። ቀኑን ግን እዚያም ይቁጠሩ፦ በገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979/2008 መሠረት በአንድ ዓመት ውስጥ ከ183 ቀን በላይ የቆየ ሰው ነዋሪ ይሆናል፤ ነዋሪ ደግሞ ከየትም ባገኘው ገቢ ላይ ግብር አለበት። ከአሜሪካ ውጭ ባንክ ያለዎት ገንዘብ፣ ከእናትዎ ጋር በጋራ የከፈቱት ወይም የፊርማ ሥልጣን ያለዎት ሒሳብ ጭምር ተደምሮ በዓመቱ አንድ ቀን እንኳ ከ10,000 ዶላር ካለፈ ኤፍባር የሚባለውን የውጭ አገር ባንክ ሒሳብ ማሳወቂያ ማስገባት አለብዎ። ታክስ የለውም፤ ባለማስገባት የሚመጣው ቅጣት ግን ከባድ ነው።

ኬንያ ለኢትዮጵያ ፓስፖርት ቪዛ ባትጠይቅም መግቢያው የጎብኚ እንጂ የሥራ ፈቃድ አይደለም። ኤምሬትስ ለርቀት ሠራተኞች የአንድ ዓመት ቪዛ አላት፤ በወር 3,500 ዶላር ገቢ ትጠይቃለች፤ የእርስዎ 4,000 ስለሆነ ገቢው አይከለክልዎትም። በጎብኚ ቪዛ ገብተው ቀኑ ካለፈብዎ ቅጣቱ በቀን 50 ድርሃም ነው።

የሩብ ዓመት ክፍያዎች በኤፕሪል፣ በጁን፣ በሴፕቴምበርና በጃንዋሪ 15 ናቸው፤ ጉዞ ላይ ሆነውም በአይአርኤስ ድረ ገጽ በኩል መክፈል ይችላሉ። ትኬት ከመቁረጥዎ በፊት ከ3 ዓመት ወዲህ ከአሜሪካ የወጡበትንና የተመለሱበትን ቀን ሁሉ ጽፈው ለኢሚግሬሽን ጠበቃ ያሳዩ፤ ቀደም ብለው ረጅም ጊዜ ከቀሩ ይህ ስሌት ሊለወጥ ይችላል።